ሰባት ቁራጭ ሸማ

ከፊት የምትሄደው ፍየል ቆማ አልሄድም አለች። ዕድላዊት በበትሯ ነካ አደረገቻት፤ ፍየሏ ግን ፍንክች አላለችም። ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ከገደሉ ሥር ያለው ሣር ገና ጤዛው አልረገፈም። ዕድላዊት አንገቷን አስግጋ ስታይ ከቁጥቋጦው አጠገብ አንዲት ልጅ በጎኗ ተኝታለች። አንድ እግሯ ጫማ የለውም። የታመመች መስሏት ጠጋ አለች። ከልጅቷ ራስ ሥር ያለውን ደም የነካው ድንጋይ ስታይ ፍየሎቿን ትታ ወደ መንደር ሮጠች።

ኢንስፔክተር ኤርጫፎ ሲደርስ ፀሐይዋ ከአባያ ሐይቅ ማዶ ወጥታ ገደሉን ከሥር እስከ ጫፍ አብርታዋለች። ቀና ብሎ አየ። ከላይ፣ ሴቻ ሰፈር ጠርዝ ላይ፣ የመምህር አስናቀ ሥዕል ቤት የጓሮ በረንዳ ይታያል። በረንዳውን የሚከልለው ግንብ ከጉልበት አይበልጥም።

"ትሁት ካሱ ትባላለች፤ የዶርዜ ልጅ ናት" አለችው ሳጅን ሜሮን። "ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ጀምሮ እላይ ሥዕል ቤቱ ነው የምትሠራው። ለፊታችን ቅዳሜ ዐውደ ርዕይ ነበራቸው።"

"ወድቃ ይሆን?"

ሜሮን የልጅቷን ግራ እጅ ቀስ ብላ አዞረችው። አንጓዋ ላይ የአራት ጣት ሰንበር አለ።

ዕድላዊት ከፍየሎቿ መሃል ቆማ ቃሏን ሰጠች። "ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ጩኸት ሰምቻለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ልምምድ ሲጀምሩ ነው፤ የመጀመሪያውን መዝሙር ገና አልጨረሱም።"

"ወጥተሽ አላየሽም?"

"ወጣሁ። ቀና ስል ፀሐዩ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ግንቡ ጋ የቆመ ነገር ነበር፤ ሰው ይሁን የበረንዳው ምሰሶ አልለየሁም። ጩኸቱም የልጆች መሰለኝና ተመለስኩ።"

"ሰው ቢሆን ወንድ ነው ሴት?"

"ያልለየሁትን እንዴት ብዬ ልንገርዎት?"

ኤርጫፎ ማስታወሻውን ዘጋ። ይህችኛዋ ምስክር ብዙም አትረባም አለ በልቡ።

* * *

የሥዕል ቤቱን በር ቀን ቀን የሚጠብቁት ጋሽ ዘካሪያስ ናቸው። ኤርጫፎ ገና በሩን ሲያልፍ እሳቸውን በማየቱ ደስ አለው። የጨንቻ ልጅ ነው፤ በልጅነቱ በሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። አንድ ጊዜ የገዛ ልጃቸው በሞተር ሳይክል ሰው ገጭቶ ሲሸሽ፣ ጣቢያ ድረስ መጥተው ያስመዘገቡ ሰው ናቸው። ኤርጫፎ በሃያ ሁለት ዓመት የፖሊስነት ሥራው ለጀማሪዎች ሁሌ የሚነግራቸው ነገር ነበረው፤ አንድ የማይዋሽ ምስክር ካገኛችሁ ግማሹ መዝገብ ተዘጋ ማለት ነው ይላቸዋል።

ሽማግሌው ከበሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተናገሩ።

"ትሁት ጠዋት ገባች። ጋሽ አስናቀ ከምሳ በኋላ ገቡ። ካሌብ፣ ያ ጓደኛዋ፣ ዘጠኝ ከአርባ አምስት ላይ መጣ፤ አሥር ከአምስት ላይ ፈጥኖ ወጣ። ሰላም እንኳ አላለኝም። እጅጌው ላይ ቀይ ነገር ነበረበት።"

"ጋሽ አስናቀስ ወጣ ገባ አላሉም?"

"እሳቸው ከጠረጴዛቸው አልተነሱም።" ከግቢው ማዶ ያለውን የአዳራሹን ሰፊ መስኮት በእጃቸው አሳዩ። አሁን ተዘግቷል። "ከዚህ ሆኜ ይታዩኛል። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ እንዳቀረቀሩ ናቸው። እንዲያውም እጄን አነሳሁላቸው፤ አላዩኝም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እንደዚያ ናቸው፤ ሥራ ከያዛቸው ሰው አያዩም። አሥራ አንድ ላይ መስኮቱ ተዘጋ፤ ወዲያው በበሩ ወጥተው ደህና እደር ብለውኝ ሄዱ።"

"እርግጠኛ ነዎት ጋሼ?"

"በዓይኔ አየሁ ነው የምልህ ልጄ።"

"ትሁት አለመውጣቷ አላሳሰበዎትም?"

"አንዳንዴ አምሽታ ትሠራለች። ቁልፉን ለማታው ዘበኛ አስረክቤ ሄድኩ።" የሽማግሌው ዓይን እንባ አቀረረ። "ትናንት ከምሳ በፊት መጥታ ይህን አግዳሚ አስተካከለችልኝ። ይወዛወዝ ነበር፤ ከእግሩ ሥር ድንጋይ አደረገችበት። ጋሼ ዛሬ ከዚህ እንዳይነሱ አለችኝ፤ እየሳቀች።"

ኤርጫፎ ወደ አዳራሹ ገባ። በዝግ መስኮት ጨለማ ስለሆነ ሜሮን መብራት አበራች። ከጣሪያው አግዳሚ እንጨት ላይ ሰባት ረጃጅም የሸማ ቁራጮች በሲባጎ ተንጠልጥለዋል፤ አንዱ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ሌላው ከክፍሉ መሃል፣ ሌላው ከኋላ ግድግዳ ሥር። ሁሉም ላይ ቀለም ተዝረክርኳል፤ ቡኒ፣ ጥቁር፣ ቀይ። ኤርጫፎ በመካከላቸው አለፈ። እርስ በርስ የሚያገናኛቸው አንድም ነገር አልታየውም።

"ቀዩ ደም ቢሆንስ?" አለች ሜሮን።

"ሁሉንም አውርዳችሁ ኤግዚቢት ክፍል አስገቡ" አለ።

* * *

ካሌብን ከከተማው ውጭ ላንቴ ካለው የአባቱ የሙዝ እርሻ አመጡት። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሥራ ፍለጋ ላይ ያለ የሥዕል ምሩቅ። ስለ ትሁት ሲነገረው ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ኤርጫፎ እንዲህ ያለ ሐዘን ከንጹሕም ከበዳይም አይቶ ስለሚያውቅ ምንም አልቆጠረውም።

"ሰኞ ለምን ሄድክ?"

"አዲስ አበባ ሥራ አግኝታ ልሂድ አልሂድ እያለች ነበር። ሰኞ ቁርጡን እነግርሃለሁ ብላኝ ነበር።"

"ከዚያስ?"

"አላገኘኋትም። አዳራሹ ባዶ ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅኳት። አራት ጊዜ ደወልኩላት። የጓሮውን በር ስገፋው ከውጭ ተሸንጉሯል። የመዘምራኑ ድምፅ ማጉያ ጆሮ ይበጥሳል፤ ብጠራትም አትሰማኝም። ተናድጄ ወጣሁ።"

"እጅጌህ ላይ የነበረው ቀይ?"

"ቀለም ነው። ከተሰቀሉት ሸማዎች አንዱ አልደረቀም ነበር፤ ሳልፍ ነካኝ።"

"ሸማዎቹ ምንድን ናቸው?"

"ለቅዳሜ የምታዘጋጀው ነው። ምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ስትጨርስ ታያለህ ነው ያለችኝ።"

ኤርጫፎ ወንበሩን ሳብ አደረገ። "ጋሽ አስናቀ የት ነበሩ?"

"አልነበሩም።"

"ጠረጴዛቸው ጋ?"

"ወንበሩ ባዶ ነበር።"

"ጋሽ ዘካሪያስ ተቀምጠው አይተዋቸዋል። አንተ ከመምጣትህ በፊትም፣ ውስጥ ሳለህም፣ ከወጣህም በኋላ።"

ካሌብ ቀና አለ። "ጋሽ ዘካሪያስ አይዋሹም።"

"እንግዲያው ማን ነው የሚዋሸው?"

"እሱን አላውቅም። እኔ ግን አልዋሸሁም።"

በሩ ሲቆለፍበት አልተቃወመም። ብረቱን ይዞ ቆመና "ቀብሯ መቼ ነው?" ብሎ ብቻ ጠየቀ።

* * *

መምህር አስናቀ በራሳቸው እግር ጣቢያ መጡ። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ ብሩሽ የያዘ ሁሉ በእሳቸው እጅ ያለፈ ነው፤ ከሆቴል እንግዳ መቀበያ እስከ ቢሮ አዳራሽ ድረስ ሥዕላቸው ያልተሰቀለበት የለም። ዕድሜያቸው በገፋ ቁጥር ሥዕላቸው እየፈካ መጣ ይባልላቸዋል።

"ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ጠረጴዛዬ ላይ ነበርኩ" አሉ ቀስ ብለው። "ዘካሪያስ ነግሯችኋል።"

"ካሌብ ሲገባ አላዩትም?"

"አቀርቅሬ ነበር።"

ሜሮን ደብተሯን ገለጠች። "ጋሽ አስናቀ፣ ጠዋት በር ላይ ሳገኝዎ ሰኞ ከሰዓት ታች ሲቀላ ሰፈር ወርጄ ነበር ብለውኝ ነበር። ጽፌዋለሁ።"

የሰውየው እጅ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዞ ቆየ። "ድንጋጤ ነው ልጄ። ቀኑ ተምታቶብኝ ነው።"

ቃላቸውን እንዲያነቡ ወረቀቱ ሲሰጣቸው መነጽሬን ረስቻለሁ አሉ፤ ሜሮን አነበበችላቸው። ፊርማቸውን ከመስመሩ ሁለት ጣት ዝቅ አድርገው ፈረሙ።

* * *

"ሐሙስ ጠዋት ልጁ ፍርድ ቤት ይቀርባል" አለ ኮማንደሩ በስልክ። "ምስክር አለህ፣ ቀይ ሸሚዝ አለህ፣ ሴት ልጅ ጥላው ልትሄድ ነበር። ምን ትፈልጋለህ?"

"አንድ ነገር አልገጠመልኝም።"

"ምኑ?"

"ውሸቱ ነው ያልገጠመልኝ። በሩ ላይ ጋሽ ዘካሪያስ እንደተቀመጡ፣ መስኮቱም እንደሚታያቸው ልጁ ያውቃል። መዋሸት ከፈለገ ጋሽ አስናቀ ነበሩ፣ ሰላም ብያቸው ወጣሁ ይላል። አዳራሹ ባዶ ነበር የሚል ውሸት ምን ይጠቅመዋል?"

"ሐሙስ ጠዋት" አለ ኮማንደሩ፤ ስልኩ ተዘጋ።

ኤርጫፎ ሁለቱን የምስክርነት ቃሎች ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንዱ እውነት ከሆነ ሌላው ውሸት ነው። ዘካሪያስ ይዋሻሉ ብሎ ማሰብ የገዛ አባቱን ሌባ ብሎ ከመጥራት አይተናነስም። ካሌብ ይዋሻል ካለ ደግሞ ይህን ያህል የማይጠቅም ውሸት ሰምቶ አያውቅም። በየትኛውም በኩል ቢሄድ ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ማዶ፣ ከቢሮው አራት እርምጃ ርቆ፣ ልጁ በእስር ቤቱ ወለል ላይ ሲንጎራደድ ይሰማዋል፤ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ግድግዳው፣ ተመልሶ ወደ በሩ። ያንን ልጅ እዚያ ያስገባው እሱ ነው። ፊርማው አለበት።

* * *

ረቡዕ ጠዋት ወደ ዶርዜ ወጡ። ጉሙ ከእንሰቱ ላይ ገና አልተነሳም። ለቅሶ ደራሹ ከቀርከሃው ቤት ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ተቀምጧል፤ የሽመና ዕቃው ተሸፍኖ ጥግ ይዟል። የትሁት አባት አቶ ካሱ ለኤርጫፎ በጋሞኛ ሰላምታ ሰጡት። ቃሉ የሚጻፈው በአማርኛ መሆኑን ሲያውቁ ግን ወደ አማርኛ ዞሩ፤ በእሳቸው አማርኛ ልጃቸው አንዴ ሴት፣ አንዴ ወንድ ትሆናለች። ኤርጫፎ የእናቱን አማርኛ ያስታውሳልና አላረማቸውም።

"ሸማውን የሠራሁለት እኔ ነኝ" አሉ ካሱ። "ወር ሙሉ። ከዚያ አባ፣ እቆርጠዋለሁ አለኝ። ተቆጣሁ። ሙሉ ሸማ ለምን ትቆርጫለሽ ብዬ።"

"ምን አለችዎት?"

"ተቆርጦ ነው አንድ የሚሆነው አለኝ። ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው አንድ የሚሆነው፤ ለሌላው ሁሉ ቁራጭ ነው አለኝ። እኔ አልገባኝም። ሳቀ፣ ሄደ።"

"ያ አንድ ሰው ማን ነው?"

"አልነገረኝም።"

"ከጋሽ አስናቀ ጋር እንዴት ነበረች?"

"ይወደው ነበር። አዲስ አበባ ሂጂ ስላት፣ አባ፣ ጋሽ አስናቀን ጥዬ እንዴት እሄዳለሁ ይል ነበር። ዓይን ሆኜላቸዋለሁ ይል ነበር።"

"ዓይን?"

"እንደ ልጅ ማለቱ ነው መሰለኝ" አሉ ካሱ፤ ፊታቸውንም በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ከተራራው ሲወርዱ ሜሮን ከትሁት ቦርሳ የተገኘውን ደብተር እያገላበጠች ነበር። የመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ንድፍ አለ፤ ሰባት ቁጥሮች፣ ከአንድ ነጥብ የሚነሱ መስመሮች፣ ከሥሩ "31 ሜትር፤ የዓይን ከፍታ 1.20" የሚል ጽሑፍ።

"ጋሽ አስናቀን እንጠይቃቸው" አለ ኤርጫፎ።

መምህሩ ቤታቸው ነበሩ። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የጫሞ ሐይቅ ሥዕል ተሰቅሏል፤ የሐይቁ ወፍ የሻላዋ ላባ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከሥሩ የእሳቸው ፊርማና የዘንድሮ ዓመተ ምሕረት አለ። ኤርጫፎ ደብተሩን በመጨረሻው ገጽ ገልጦ ሰጣቸው። ወደ መስኮቱ አስጠግተው ለረጅም ጊዜ አዩት።

"የእሷ እጅ ነው" አሉ። "የፍሬም ልክ ይመስላል። ጥንቁቅ ነበረች።"

"አመሰግናለሁ ጋሽ አስናቀ።"

ከግቢው ከወጡ በኋላ ሜሮን ክንዱን ያዘችው። "ደብተሩ እኮ ተገልብጦ ነበር።"

"አይቻለሁ። ሳላውቅ ነው ገልብጬ የሰጠኋቸው።"

"አያዩም ማለት ነው። ታዲያ ያንን ሻላ ማን ሣለው?"

"እሷ ናታ። ዓይን ሆኜላቸዋለሁ ብላለች።" ባጃጁ ጋ ሲደርሱ ቆመ። "ለእኔ ከዚያ የባሰው ሌላ ነው። ማየት የማይችል ሰው ሰኞ ሁለት ሰዓት ሙሉ አቀርቅሮ ምን ይሠራ ነበር?"

ሜሮን ደብተሩን እንደገና ገለጠች። "ይህ ከፍታም አልገባኝም። አንድ ሜትር ከሃያ የቆመ ሰው ዓይን አይደለም። ሕፃን ካልሆነ በቀር።"

ኤርጫፎ ንድፉን አየ። ድንገት ባጃጁ ውስጥ ገባ። "ወይም የተቀመጠ ሰው" አለ። "ሜትር አለሽ?"

* * *

ከአዳራሹ ጠረጴዛ እስከ ጋሽ ዘካሪያስ አግዳሚ ድረስ ሠላሳ አንድ ሜትር ሆነ። ኤርጫፎ አጎንብሶ ከአግዳሚው እግር ሥር የተደረጉትን ድንጋዮች በእጁ ነካቸው። ከዚያ ኤግዚቢት ክፍል ደወለ።

ሸማዎቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጆንያ መጡ። በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይ ትሁት በእርሳስ ቁጥር ጽፋለች፤ ጣሪያው እንጨት ላይ ባሉት ምስማሮች አጠገብም ያው ቁጥር አለ። ሜሮን መሰላል ላይ ወጥታ እንደ ደብተሩ አንድ በአንድ ሰቀለቻቸው። ኤርጫፎ ከውስጥ ሆኖ አያቸው። አሁንም የተዝረከረከ ቀለም ነው። መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተና ወደ በሩ ሄደ።

ጋሽ አስናቀን በመኪና አስመጥቷቸው ነበር። ከአግዳሚው ኋላ አቆማቸው። ጋሽ ዘካሪያስን ከቤታቸው ጠርቷቸው ነበርና እሳቸው ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ ማን እንደመጣ ሳያዩ ተቀመጡ። የዘጠኝ ሰዓት ተኩል ፀሐይ ግቢውን በጎን ይመታዋል፤ ልክ እንደ ሰኞው።

"ጋሼ፣ ወደ መስኮቱ ይመልከቱ። ማን ይታይዎታል?"

"ጋሽ አስናቀ ናቸዋ" አሉ ሽማግሌው ወዲያው። "እዚያው ቦታቸው ላይ። እንዳቀረቀሩ።"

ኤርጫፎ ጎናቸው ቁጭ ብሎ አየ። ከጠረጴዛው ኋላ አንድ ሰው ተቀምጧል። ትከሻው፣ ሽበቱ፣ ያዘነበለው አንገቱ፣ ቀይ ሹራቡ ሁሉ አለ። ሰውዬው እንዳይንቀሳቀስ የሚፈራ ይመስል እሱም ትንፋሹን ዋጠ።

"ጋሽ አስናቀ፣ ድምፅዎን ያሰሙን" አለ ዞር ሳይል።

"ምን ልበል?" አሉ መምህሩ ከኋላ።

ጋሽ ዘካሪያስ እንደተወጋ ሰው ዞሩ። ከኋላቸው የቆመውን ሰው አዩ፤ ወደ መስኮቱ ተመለሱ፤ እዚያም አለ። ተነስተው ወደ አዳራሹ መራመድ ጀመሩ። አምስት እርምጃ እንደሄዱ የሰውየው ራስ ከአንገቱ ተለየ። አሥረኛው እርምጃ ላይ ትከሻው ወደ ግራ ሸሸ፤ ፊቱ ለሁለት ተከፈለ። መስኮቱ ሥር ሲደርሱ ከነፋስ ጋር የሚወዛወዙ ሰባት የቆሸሹ ጨርቆች ብቻ ቀሩ። ሽማግሌው ወደ ኋላቸው እየተራመዱ ተመለሱ፤ ሰውዬው እንደገና ተሰብስቦ ተቀመጠ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሄደው መጡ። ማንም አላቆማቸውም።

"ልጁ እውነቱን ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ካሌብ እውነቱን ነበር። ያሳሰርኩት እኔ ነኝ።"

"ምንድን ነው የሚታየው?" አሉ ጋሽ አስናቀ። ወደ መስኮቱ ቢዞሩም ዓይናቸው ከመስኮቱ በላይ ያለውን ቆርቆሮ ነበር የያዘው። "ንገሩኝ። ምንድን ነው የሠራችው?"

ዘካሪያስ አጠገባቸው ሄደው ቆሙ።

"አንተን ነው የሣለችው" አሉ። አንቱታው ከአፋቸው ወጥቶ ጠፍቷል። "ጠረጴዛህ ላይ ተቀምጠሃል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰኞ ዕለት አየሁህ፤ ስትሠራ መስሎኝ። አሁን ነው ልብ ያልኩት፤ እጆችህ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል። ምንም አልያዙም። ብሩሽም፣ እርሳስም የለም። ዓይንህም ተጨፍኗል።"

ጋሽ አስናቀ መሬቱን በእጃቸው ዳስሰው ተቀመጡ።

"ሁለት ዓመት ሆነኝ" አሉ። "መጀመሪያ መሃሉ ጠፋ፤ ከዚያ ዳር ዳሩ። ለማንም አልተናገርኩም። እሷ ሣለች፣ እኔ ፈረምኩ። እኔ ነኝ የለመንኳት። አዲስ አበባ ልሄድ ነው ስትለኝ ሰማይ ተደፋብኝ። ጋሼ፣ እውነቱን ለአንድ ሰው ብቻ ይንገሩ፣ ከዚያ ይቀልልዎታል አለችኝ። ከጋሽ ዘካሪያስ ይጀምሩ፤ ሰላምታ ሲነፍጓቸው የከረሙት እሳቸውን ነው አለችኝ።"

"ሰኞስ?" አለ ኤርጫፎ።

"በረንዳው ላይ ነበርን። ሰው እንዳይሰማን በሩን ሸንጉሬው ነበር። ለጋሽ ዘካሪያስ እያሳየኋቸው ነው፣ አሁን ሄጄ እነግራቸዋለሁ አለችኝ። እጇን ያዝኩ። ልቀቁኝ አለች። አለቀቅኩም። ሳበች፣ ገፋሁ። ግንቡ የት እንደሆነ አይታየኝም ነበር።" ግንባራቸውን በመዳፋቸው ያዙ። "ጩኸቷ ሲርቅ ነው ያወቅኩት።"

"ከዚያ ማክሰኞ ጋሽ ዘካሪያስ ጠረጴዛቸው ላይ አየኋቸው ሲሉ ምን አሰቡ?"

"አዝኖልኝ የዋሸ መሰለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ለእኔ ብሎ ዋሸ አልኩ። አሁን እውነቱን ብናገር እሱን ማዋረድ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሁለት ቀን እንደዚህ እያልኩ ተቀመጥኩ።"

"ካሌብስ?" አለች ሜሮን። መሰላሉን ይዛ ከአዳራሹ ደጃፍ ቆማለች። "ስለ ካሌብ ለራስዎ ምን ነገሩት?"

ኤርጫፎ ክንዳቸውን ይዞ አስነሳቸውና ወደ መኪናው መራቸው። ደረጃው ጋ ሲደርሱ "አንድ ደረጃ አለ" አላቸው።

* * *

ካሌብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተፈታ። ኤርጫፎ የሆነውን ሁሉ ራሱ ነገረው፤ ያሰረው እሱ መሆኑን፣ ሸማዎቹን ያስወረደውም እሱ መሆኑን ሳይዘል። ልጁ እስከ መጨረሻው ሰምቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

"አውርዳችሁታል?"

"ገና ነው። ማስረጃ ስለሆነ ሳይመሽ ይወርዳል።"

"ልየው።"

ሥዕል ቤቱ ሲደርሱ ጋሽ ዘካሪያስ አልሄዱም ነበር። ካሌብን ሲያዩ ከአግዳሚው ተነሱ፤ ቆባቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ይቅር በለኝ ልጄ።"

"ያዩትን ነው የተናገሩት ጋሼ።"

"አይደለም" አሉ ሽማግሌው። "የለመድኩትን ነው የተናገርኩት። ብመለከት ኖሮ እጁን አየው ነበር።"

ካሌብ ትከሻቸውን ነካ አድርጎ አለፈ። አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ ቀና ሲልም ፊቱ ተለወጠ። ኤርጫፎ ምን እንዳየ ያውቃል። የገደላትን ሰው ነው ያየው። የሚያየው ደግሞ በእሷ ዓይን ነው። ከዚያ ከተሰበረ ሰው ፊት ላይ አንድም ክፉ መስመር የለም፤ እያንዳንዱን ሽበት በርኅራኄ ነው የሣለችው። ልጁ ሊጠላው የመጣውን ፊት እንዴት አድርጎ ይጥላ? ከዚያ አግዳሚ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አይታይም።

"እንደዚህ አድርጋ እንደምትሠራ አላውቅም ነበር" አለ ካሌብ። "ከውስጥ ሆኜ በመሃላቸው ሃያ ደቂቃ ተመላለስኩ።"

"እኔም ተመላልሻለሁ" አለ ኤርጫፎ።

ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ መግባት ጀመረች። ሜሮን መሰላሉን ተሸክማ ከአዳራሹ ደጃፍ ብቅ አለችና ልጀምር ወይ ብላ በዓይኗ ጠየቀች። ኤርጫፎ ቆይ ብሎ እጁን አነሳላት። ካሌብ ክርኖቹን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ ትንሽ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ቢል የሚያጣው መሆኑን አውቆ፣ ሳይነቃነቅ እያየ ነበር።